ትራሱ ስንት ሆነ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የ12 ዓመት ልጄ በሪህ በሽታ የልብ ቫልቯ ተጎድቷል ተብላ ለነፃ ቀዶ ሕክምና ከተመዘገበች ዓመት ከስምንት ወር ሆናት። የደወለልን የለም። ጎረቤቶቼ «መርፌው ልብ ያደክማል» ሲሉኝ ፈርቼ በየወሩ የምትወጋውን የፔኒሲሊን መርፌ ካስቆምኳት አምስት ወር አለፈ። ጉሮሮዋን ሲያማት አሞክሳሲሊን ገዝቼ እሰጣታለሁ። አሁን ደህና ናት፣ ማታ ብቻ ያለ ሁለት ትራስ አትተኛም። ለመሆኑ በነፃ የሚሠራው እንደ ተከፈለበት ይሆናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ያስፈራዎት በነፃ መሆኑ ሳይሆን «ረስተውን ይሆን?» የሚለው ይመስለኛል። ወረፋው የሚረዝመው ታማሚው ብዙ፣ ቀዶ ሕክምናው የሚሠራበት ቦታ ደግሞ ጥቂት ስለሆነ ነው። ነፃ ማለት ደግሞ ሌላ ሰው ከፍሎልዎታል ማለት ነው። ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል የተሠራው ዶ/ር በላይ አበጋዝ የጀመሩት በጎ አድራጎት ድርጅት ባሰባሰበው እርዳታ ነው። በፊት ልጆቹ ለቀዶ ሕክምና ውጭ አገር ይላኩ ነበር። አሁን ከውጭ በጎ ፈቃደኞች ይመጣሉ፣ የራሳችን ሐኪሞችም ይሠራሉ።

እኔን ያስደነገጠኝ «ብቻ» ብለው ያለፏት ነገር ናት። ሁለት ትራስ! አምና በስንት ትተኛ ነበር? ጋደም ስትል ትንፋሽ የሚያጥራት ሳንባዋ ውሃ እየያዘ ሊሆን ይችላል። ሌሊት ተነስታ ትቀመጣለች? ካልሲዋን ስታወልቅ የላስቲኩ ምልክት እግሯ ላይ ጎድጉዶ ይቆያል? ደረጃ ስትወጣስ? ልጆች ደከመኝ አይሉም። «ጫማዬ ተፈታ» ብለው ደረጃው ላይ ቁጭ ይላሉ። አንዷ ታካሚዬ በየፎቁ ጫማዋን ታስር ነበር፤ እናቷ ሰነፍ መስላት። እንግዲህ ስልክ አይጠብቁ፣ ነገ ጠዋት ክትትሏ ያለበት ሆስፒታል ይውሰዷት። ቁጭ ብላም ካቃተታት ወይም ከንፈሯ ከጠቆረ ግን ዛሬውኑ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል።

መርፌውን በተመለከተ ግን ልቆጣ ነው። ጎረቤትዎ ልቧን አዳምጠዋታል? ቫልቩን የጎዳው የጉሮሮ ሕመም ተከትሎ የሚመጣው የሪህ ትኩሳት ነው፣ ሲደጋገም ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ መርፌው ይህ እንዳይደጋገም የሚከላከል ነው። አንዳንዴ ጉሮሮ ሳያማት ሊመጣ ይችላል፣ ታዲያ አሞክሳሲሊኑን መቼ ሊሰጧት ነው? ሊጠገን የሚችል ቫልቭ በዚህ ሰበብ መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። የሚገባው ቫልቭ የብረት ከሆነ ዕድሜ ልክ ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት) ነው፣ ለሴት ልጅ ደግሞ ነገ እርግዝና ሲመጣ ሌላ ጣጣ።

በሉ አይደንግጡ፣ አሁንም አልረፈደም። ብቻ በራስዎ ሄደው እንዳያስወጓት። መጀመሪያ የትራሱን ነገር ለሐኪሟ ይንገሩት። ልቧ በጣም ተዳክሞ ከሆነ በመርፌው ፈንታ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን ሊያዝላት ይችላል። ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ቢሆን መከላከያው ለዓመታት ይቀጥላል።

ወረፋው በተመዘገቡበት ቀን ብቻ አይሄድም፤ የባሰበት ሊቀድም ይችላል። ስለዚህ እንደባሰባት ዝርዝሩን የያዙት ይወቁ። ካርዷ ላይ ያለው ስልክ አሁንም የእርስዎ መሆኑንም አይተው ይመለሱ። ጥርሷንም ያሳዩልኝ፣ ከተበላ ጥርስ የሚነሳ ኢንፌክሽን ቫልቩን ሊይዝ ይችላል፤ ተራዋ ደርሶ በተበላ መንጋጋ ምክንያት የተመለሰች ልጅ አውቃለሁ።