ነቀዝ ፈርቼ ሽምብራዬን በርካሽ ሸጥኩ፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ የሞረትና ጅሩ አርሶ አደር ነኝ። የካቲት ላይ ሽምብራዬን ወቅቼ ሳልውል ሳላድር ለነጋዴ ሸጥኩት። የማዳበሪያ ዕዳ ነበረብኝ። ባስቀምጠውም ነቀዝ ይጨርሰዋል። ሐምሌ ላይ ለሽሮ ስገዛ ዋጋው ከሸጥኩበት እጅግ በልጦ ጠበቀኝ። መላ በሉኝ።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይህ የእርስዎ ብቻ ችግር አይደለም። የጅሩ ሽምብራም ሆነ የምንጃር ጤፍ ከውቂያ ማግስት ባንድ ጊዜ ገበያ ይወጣል። ያኔ ዋጋ የሚቆርጠው ገዢው ነው። ያመረተ ሰው ክረምት ላይ የራሱን እህል በውድ መልሶ መግዛቱ ፍትሐዊ አይደለም። ግን ነቀዝና ዕዳ ቤት ተቀምጠው "ቆይተህ ሽጥ" ብሎ መምከር ዋጋ የለውም። ስለዚህ ከነቀዙ እንጀምር።

የሽምብራ ነቀዝ እንቁላሉን ፍሬው ላይ ይለጥፋል። ነጭ ነጥብ ሆኖ በዓይን ይታያል። ሲፈለፈል ሰርስሮ ወደ ውስጥ ይገባል። ክብ ቀዳዳ ካዩ በልቶ ጨርሶ ወጥቷል ማለት ነው፤ ያን እስኪያዩ አይጠብቁ።

እኔ የምመክርዎ ፒክስ የሚባለውን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነው። ውስጡ ሁለት ወፍራም ላስቲክ፣ ውጪው ተራ ጆንያ ነው። አየር አያስገባም። ነቀዙ ከረጢቱ ውስጥ ያለውን አየር ተንፍሶ ሲጨርስ መብላቱን ያቆማል፣ ከዚያም ይሞታል። መድኃኒት አያስፈልገውም።

ትልቁ ሥራ ማድረቁ ነው። እርጥብ እህል እዚህ ከረጢት ውስጥ ከገባ ይሻግታል። መሬት ላይ ሳይሆን ሸራ ላይ ያስጡት። መድረቁን ለማወቅ ደረቅ ጠርሙስ ውስጥ ጥቂት ሽምብራና ደረቅ ጨው ጨምረው ደህና አድርገው ይነቅንቁት። ሩብ ሰዓት ያህል ይተዉት። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና ነው። ባይለጠፍም አንድ ቀን ፀሐይ ቢጨምሩለት አይጎዳም። ከዚያ ይቀዝቅዝና ይክተቱት።

ላስቲኮቹን አስቀድመው በትንፋሽ ነፍተው ቀዳዳ እንዳላቸው ይፈትሹ። ሲሞሉ እህሉን ጠቅጠቅ ያድርጉ። እያንዳንዱን ላስቲክ ለየብቻ ጠምዝዘው፣ አጥፈው ጥብቅ አድርገው ይሰሩ። እንጨት ላይ፣ ከግድግዳ ራቅ አድርገው ያኑሩት። አይጥ ከበሳው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት አይክፈቱት። ለወጥ የሚሆነውን ለብቻው ያስቀምጡ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ገበያ ላይ የሚሸጠውን የነቀዝ ክኒን ሰው በሚተኛበት ቤት አይጠቀሙ። ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ልጆች ደግሞ ቶሎ ይጎዳሉ።

ወደ ዕዳው እንምጣ። ሁሉንም አይሸጡ፣ ሁሉንም አያስቀምጡ። ከባለቤትዎ ጋር ቁጭ ብለው ዕዳውን፣ የዘሩንና የቤቱን ቀለብ ያስሉ። ጓዳውን የምታውቀው እሷ ናትና ያለ እሷ የሚወጣ ሒሳብ ይጎድላል። የካቲት ላይ ለዕዳው የሚበቃውን ብቻ ይሽጡ። የተረፈውን ሲሸጡ የከረጢቱን ዋጋ ከጭማሪው ላይ ይቀንሱ። ዋጋ ሁልጊዜ ይጨምራል ብዬ ቃል አልገባልዎትም። ዋጋው ከፍ ካለ ግማሹን ይሽጡ፣ እስከ መጨረሻው አይጠብቁ።

ብቻዎን ሁለት ኩንታል ይዘው ሲቀርቡ ነጋዴው አይሰማዎትም። ከጎረቤቶችዎ ጋር ሰብሰብ ብላችሁ በአንድ መኪና የሚጫን ካቀረባችሁ ግን ንግግሩ ይለወጣል። ሚዛኑንም አብራችሁ ትቆጣጠራላችሁ። የቀበሌያችሁ የኅብረት ሥራ ማኅበር ሽምብራ የሚገዛ ከሆነ የሚከፍለውን ዋጋና የትርፍ ክፍፍሉን ይጠይቁ። ከመሸጥዎ በፊትም ደብረ ብርሃን ላለ ዘመድ ደውለው የዕለቱን ዋጋ ይወቁ።

ከረጢቱን እህሉ አውድማ ላይ ሳለ አይፈልጉት፤ ያኔ ሊጠፋ ይችላል። የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ የት እንደሚሸጥ ከአሁኑ ይጠይቁና እስከ ታኅሣሥ ድረስ ይግዙት።