ሰማያዊዋ ቀዳዳ

ከኮምቦልቻ አንድ ወጣት ጻፈልኝ። ረጅም ስለሆነ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ጋሼ። ኮምፒውተሬ ዩዝድ የተገዛ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነው፣ ትልቁ ኬዝ። ኮር አይ 5 4590፣ 8 ጊጋ ራም አንድ ፍሬ፣ 500 ጊጋ ሀርድ ዲስክ አለው። ከስድስት ወር በፊት ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጊጋ ግራፊክስ ካርድ አስገባሁበት። ሞኒተሬ የድሮ ስለሆነ ካርዱን በቪጂኤ ነው ያገናኘሁት። ጂቲኤ 5 ስጫወት በሰከንድ ከ25 እስከ 30 ፍሬም (ምስል) ነው የሚሰጠኝ። መኪና ስነዳ ቆም ቆም ይላል፣ አንዳንዴም ጌሙ ራሱ ይዘጋል። ድራይቨር አፕዴት ሳደርግ ስክሪኑ ስለሚጠፋ ሻጩ በፍላሽ በሰጠኝ ነው የምጠቀመው። አንድ ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ ‹የዛሬ ጌም በዚህ አይሆንም፤ አርቲኤክስ 4060 የሚባል ካርድና 144 ሄርዝ ሞኒተር ግዛ› አሉኝ። እህቴ ከሪያድ ብር ልትልክልኝ ነው። ልግዛ ወይ?»

አብሽር ወንድሜ። መጀመሪያ ለእህትህ ደውልና ብሩ ትንሽ ይቆይ በላት።

አንተ የጠየቅከኝ ስለ 4060 እና ስለ ሞኒተር ነው። እኔን ያስቆመኝ ግን መሀል ላይ እንደዋዛ ያለፍካት ቃል ናት። «በቪጂኤ» አልክ፤ በድሮው የሞኒተር መሰኪያ ማለት ነው።

እስቲ ኮምፒውተሩን አዙረህ ካርዱን ከጀርባ እየው። ሰማያዊ፣ አሥራ አምስት ቀዳዳ ያላት ሶኬት አለችው? የሞኒተሩ ገመድ ቀጥታ እሷ ላይ ነው የተሰካው? ወይስ መሀል ላይ ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ ነገር አለ? መቀየሪያ ካለ ይቅርታ፣ ሻጩን በከንቱ ጠረጠርኩት። ከሌለ ግን ያ ካርድ 1050 ቲአይ ነው ብዬ ለመማል እቸገራለሁ።

1050 ቲአይ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ካርድ ነው። ኤንቪዲያ በዚያ ትውልድ ላይ የቪጂኤ ምስል የሚያወጣውን ክፍል ከቺፑ ውስጥ ጨርሶ አስቀርቶታል። ስለዚህ ሰማያዊ ቀዳዳ ያለው 1050 ቲአይ ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥርጣሬ ነው። እኔም ጋ እንዲህ ያሉ ካርዶች መጥተው ያውቃሉ፤ ካርቶናቸው አዲስ፣ ስቲከራቸው የሚያብለጨልጭ። ፋኑን ፈትቼ ሳየው ውስጡ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ጂቲኤስ 450 ነው።

ማጭበርበሩ ቀላል ነው። የካርዱን ባዮስ (ውስጡ የተጻፈውን መነሻ ፕሮግራም) ቀይረው «ስሜ 1050 ቲአይ ነው፣ ሜሞሪዬም 4 ጊጋ ነው» ብሎ እንዲናገር ያደርጉታል። ዊንዶውስ ደግሞ የነገሩትን ያምናል። እውነተኛው ሜሞሪ ግን 1 ጊጋ ብቻ ሊሆን ይችላል። ጌሙ 4 አለ ተብሎ 2 ሊጠቀም ሲሞክር የሌለ ቦታ ላይ ይጽፋል። ከዚያ ይዘጋል። ድራይቨሩም (ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያገናኘው ፕሮግራም) ያው ነው። ኤንቪዲያ ለ1050 ቲአይ ያወጣው ድራይቨር ካርዱን እንደ እውነተኛ 1050 ቲአይ ሊያዘው ይሞክራል፤ አሮጌው ቺፕ ትእዛዙን አያውቀውም፤ ስክሪኑ ይጠፋል። ሻጩ በፍላሽ የሰጠህ ድራይቨር ለምን እንደሠራልህ አሁን ሳይገባህ አይቀርም።

ለማረጋገጥ ጂፒዩ-ዚ የምትባል በነፃ የምትገኝ ትንሽ ፕሮግራም አውርድ። ብዙዎቹን የተጭበረበሩ ካርዶች ለይታ ስማቸው ፊት «ፌክ» ብላ ትጽፋለች። አንድ ነገር ደግሞ ጨምረህ እይ። ካርዱ ከጎኑ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ገመድ ተሰክቶበታል? አብዛኛው እውነተኛ 1050 ቲአይ የሚበላው 75 ዋት ስለሆነ ማዘርቦርዱ የሚሰጠው ይበቃዋል። ተጨማሪ ገመድ ያላቸው እውነተኛ ካርዶችም ስላሉ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ግን ከሀርድ ዲስኩ ገመድ በመቀየሪያ ተጠልፎ የተሰጠው ከሆነ ዛሬውኑ ንቀለው። ያቺ ቀጭን ገመድ ለካርድ የተሠራች አይደለችም። ቀልጣ አይቻለሁ።

እሺ፣ ካርዱ ፌክ ሆነ እንበል። ታዲያ 4060 ልግዛ ወይ ትለኛለህ። ለዚህ ሳጥን አይሆንም። ያንተ ዴል ፓወር ሳፕላይ 290 ዋት ነው፤ ለካርድ የሚሆን ገመድ የለውም። 4060 ደግሞ 115 ዋት ይፈልጋል፣ የራሱን የኤሌክትሪክ መሰኪያም ይጠይቃል። ፓወር ሳፕላዩን ልቀይር ብትል ማዘርቦርዱ ላይ ያለው መሰኪያ የዴል የራሱ ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ተራ ፓወር ሳፕላይ ያለ መቀየሪያ አይገባለትም። ይህን ሁሉ ተወጣኸው እንበል። ያኔ የሚያቅተው ፕሮሰሰሩ ይሆናል። አራት ኮር ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ፕሮሰሰር ነው፤ ለካርዱ ሥራ በፍጥነት ማቀበል አይችልም። ካርዱ ተቀምጦ ይጠብቃል። ያን ያህል ብር አውጥተህ ግማሹን ለመጠበቅ ከፈልክ ማለት ነው።

አሁን ወደ ፍሬም እንምጣ። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው ይመጣብኛል። አንደኛው «ዓይን ከ30 ፍሬም በላይ አያይም» ይላል። ውሸት ነው። ሄርዝ ማለት ሞኒተሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ምስል እንደሚቀይር ነው። 60 ሄርዝና 144 ሄርዝ ሞኒተር ጎን ለጎን አስቀምጠህ የማውሱን ቀስት ብቻ ክብ ክብ አሽከርክር፤ ልዩነቱን የማያይ አላጋጠመኝም። ሁለተኛው ደግሞ «ከ144 በታች ጌም አይባልም» ይላል። እሱም አበዛው።

ሂሳቡን እንየው። በ30 ፍሬም አንዱ ምስል ስክሪኑ ላይ የሚቆየው 33.3 ሚሊ ሰከንድ ነው። በ60 ደግሞ 16.7። ወደ 17 ሚሊ ሰከንድ ተረፈህ፤ ይህ ትልቅ ነው፣ እጅህም ይሰማዋል። ከ60 ወደ 144 ስትሄድ የምትቆጥበው 10 ሚሊ ሰከንድ አይሞላም። ከ144 ወደ 240 ደግሞ ሦስት እንኳ አይሞላም። ዋጋው ግን በተቃራኒው ነው የሚሄደው። የመጀመሪያዋ እርምጃ ርካሽ ናት፤ የመጨረሻዋ ኪስ ትገለብጣለች።

ደግሞም ሰውን የሚያስመርረው ብዙ ጊዜ የፍሬም ማነስ አይደለም፤ መቆራረጡ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ስትወርድ አስብ። ሹፌሩ በዝግታ ግን በአንድ ልክ ቢሄድ እንቅልፍ ይወስድሃል። አንዱ ደግሞ ሲፈተለክ ቆይቶ በየኩርባው ፍሬን ይረግጣል፤ ኮምቦልቻ ቶሎ ትደርሳለህ፣ ግን ፌስታል ይዘህ ነው። ጌምም እንደዚያው ነው። በመጀመሪያው ግማሽ ሰከንድ 50 ምስል ቢመጣ፣ ከዚያ ለሲሶ ሰከንድ ምንም ባይመጣ፣ ቀሪው 10 ደግሞ በመጨረሻ ቢግተለተል፣ ቁጥሩ «60» ይልሃል። ዓይንህ ግን ቆመ ይልሃል። የሚታመነው ዓይንህ ነው።

ለዚህ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር የምትባለውን ፕሮግራም ጫንና የፍሬም ታይም መስመሩን፣ እያንዳንዱ ምስል የፈጀውን ጊዜ የሚያሳየውን፣ አብራው። መስመሩ ጠፍጣፋ ከሆነ በ45 ፍሬምም ጌሙ ደስ ይላል። እንደ ጦሳ ተራራ ጫፍ እየወጣ የሚወርድ ከሆነ ግን በ100ም አይጥምህም።

ያንተ «ቆም ቆም» ግማሹ ከሀርድ ዲስኩ የመጣ ይመስለኛል። ጂቲኤ ላይ በፍጥነት ስትነዳ ጌሙ ከፊትህ ያለውን ሰፈር ከዲስክ እያነበበ ነው የሚያቀርብልህ። የሚሽከረከር ሀርድ ዲስክ አይደርስለትም፤ መኪናህ ከመንገዱ ትቀድማለች። የማይሽከረከረውን ፈጣን ዲስክ፣ ኤስኤስዲ፣ ስታስገባ ይህ በጣም ይቀንሳል። 256 ጊጋ ለዊንዶውሱና ለአንድ ሁለት ትልልቅ ጌም ይበቃሃል፤ ፊልምና ሌላ ሌላውን ሀርድ ዲስኩ ላይ ተወው። ራሙንም እንዲሁ። አንድ ባለ 8 ፍሬ አለህ፤ ሌላ ባለ 8 ጎኑ ጨምር። ሁለት ሲሆኑ ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር ያነባል። ብሮውዘር ከኋላ ክፍት ትተህ ስትጫወትም አይጨናነቅም። ያንተው የራም ዓይነት ዲዲአር 3 ነው፤ በስህተት ዲዲአር 4 ከገዛህ አይገባም፣ በጉልበት አትሞክረው።

ከዚያ ማጽዳት። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ትሞቃለች፤ አቧራውንም አንተው ታውቀዋለህ። የዚህ ዕድሜ ዴል ውስጥ የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያስተላልፈው ፔስት ደርቆ እንደ ጠመኔ ሆኖ ነው የማገኘው። ፕሮሰሰሩ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔም ጌሙ ይንቀራፈፋል። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጥረግ፣ አዲሱን የአተር ፍሬ ያህል አድርግ። ፋኑን በብሩሽ ስትጠርግ ክንፎቹን በጣትህ ያዝ፤ እንዳይሽከረከር።

ካርዱን በተመለከተ እውነተኛ ዩዝድ 1050 ቲአይ ወይም 75 ዋት የሆነውን ጂቲኤክስ 1650 ፈልግ፣ ተጨማሪ ገመድ የማይጠይቀውን። ትክክለኛው 1050 ቲአይ ጂቲኤ 5ን ሴቲንጉን ትንሽ ዝቅ አድርገህ 60 ላይ ይይዝልሃል። ሞኒተርህ 60 ሄርዝ ከሆነ ከዚያ በላይ ያለውን ምስል ሙሉውን ሊያሳይህ አይችልም። እንዲያውም ፍሬሙን 60 ላይ ገድበው፤ ካርዱ ይቀዘቅዛል፣ ፋኑም ዝም ይላል። የኳስ ጌም ተጫዋች ከሆንክ ደግሞ የቆዩት ፔሶች ራሳቸው ከ60 አያልፉም። በነገራችን ላይ እነዚህ ካርዶች ቪጂኤ ስለሌላቸው ለአሮጌው ሞኒተርህ መቀየሪያ ያስፈልግሃል። በጣም ርካሹን አትግዛ፤ ምስሉን ያደበዝዘዋል።

144 ሄርዝ ለማን ነው ካልከኝ፣ ካውንተር ስትራይክን የመሰለ ተኩስ በቁም ነገር ለሚጫወት ሰው ነው። እዚያ አሥር ሚሊ ሰከንድም ዋጋ አላት። ግን ኦንላይን ስትጫወት ፒንግህን፣ ማለትም መልእክትህ ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀውን ሚሊ ሰከንድ፣ አስቀድመህ እይ። በስልክ ሆትስፖት ገብተህ ፒንግህ 150 ከሆነ፣ ሞኒተሩ የሚቆጥብልህን አሥሯን ኔትወርኩ አሥራ አምስት እጥፍ አድርጎ ይወስድብሃል።

የምትገዛበት ቀን ሲመጣም ዊንዶውስ ውስጥ ገብተህ የሞኒተሩን ሄርዝ በእጅህ ምረጠው። አንድ ደንበኛዬ 144 ሞኒተር ገዝቶ ስምንት ወር ተጫወተበት። «ከ60 ጋር እንዴት ያለ ልዩነት አለው መሰለህ!» እያለ ጓደኞቹን ሲያስቀና ነበር የከረመው። ለሌላ ጉዳይ ሱቄ ሲያመጣው ከፍቼ ሳየው 60 ላይ ነው ያለው። ነግሬው ልቀይርለት ስል፣ ደስታውን እንዳላበላሽበት ብዬ ትንሽ አመንትቼ ነበር።

ለእህትህ እንግዲህ ኤስኤስዲ፣ አንድ ራም፣ አንድ ዩዝድ ካርድና ፔስት ነው የምትላት። ከተረፈ ዩፒኤስ ግዛ፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከፍ ብሎ የሚመጣው ኃይል ከየትኛውም ጌም በላይ ፓወር ሳፕላይ ይገድላል። አዲሱን ካርድ ስትገዛ ሻጩ ፊት ጂፒዩ-ዚን አስከፍትና እይ። አላስከፍትም ካለ ወደ ሌላ ሱቅ ሂድ።

የአሁኑን ካርድ ከኮምፒውተሩ ከማውጣትህ በፊት ደግሞ የጂፒዩ-ዚውን ገጽ በስልክህ ፎቶ አንሳ፤ የጀርባውን ሰማያዊ ቀዳዳም ጨምር። ሻጩ ጋ ስትሄድ ፎቶውን ብቻ አሳየው። ካርዱን የምትሰጠው ብሩን ስትቀበል ነው።