አስራ አራቱ ብረቶች፦ ማስተርስ ልትጀምሩ ላላችሁ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ ቤት መጣች። እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ የብድርና ቁጠባ ተቋም ውስጥ ትሠራለች። ቡናው እስኪፈላ ስልኳን አቀበለችኝና «ጋሼ፣ ማስተርስ ልጀምር ነው። ከእነዚህ የትኛው ይሻለኛል?» አለችኝ። መነጽሬን ፈልጌ አየሁት። ኤምኤ፣ ኤምኤስሲ፣ ኤምቢኤ፣ ኤምፒኤች። በመደበኛ፣ በማታ፣ በቅዳሜና እሁድ፣ በክረምት፣ በርቀት። በጣቴ ወደ ላይ በገፋሁት ቁጥር ሌላ ይመጣል።

መልስ ሳልሰጣት «ቶሎ የሚያልቀው የቱ ነው?» ብላ ጨመረች።

እንቅልፍ የነሳችኝ ይቺ ሁለተኛዋ ጥያቄ ናት። በ1997 ዓ.ም. እኔም አንድ ቢሮ ውስጥ ቆሜ ይህንኑ ጠይቄ ነበር። ቃል በቃል።

ለእሷ ብቻ ልጽፍ ነበር የተነሳሁት። ግን ብዙዎቻችሁ እዚያው ወረፋ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለሁላችሁም ይሁን።

ያኔ በምሥራቅ ጎጃም አንድ ወረዳ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ባለሙያ ነበርኩ። ሥራዬ እርከን ማሠራት ነው። ገና ሥራ እንደጀመርኩ ደምበጫ አጠገብ ያለውን የአንጀኒን የምርምር ጣቢያ ለጉብኝት ወስደውን ነበር። ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ 113 ሄክታር በምትሆን ተፋሰስ ላይ ዝናቡን፣ ጎርፉን፣ ታጥቦ የሚሄደውን አፈር ይለኩበታል። ዝናብ የሚለካ ሰውዬ ነበር። ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ቁጥሩን ያነብና ወዲያው ይጽፋል። ጓደኞቼ ምሳ የት እንደምንበላ ሲነጋገሩ እኔ ያንን ሰውዬ ሳይ ቀረሁ።

ከዓመታት በኋላ የራሴን መለካት ጀመርኩ። ማንም አላዘዘኝም። አንድ ቀበሌ ውስጥ፣ ዋልካ በሚባለው ጥቁር ጭቃማ መሬት ላይ፣ ማሳ ለሁለት የሚከፍል ቦረቦር ነበር፤ ውሃ የቆፈረው ጥልቅ ቦይ ማለት ነው። የማሳው ባለቤት በዕድሜ ብዙ የሚበልጠኝ ገበሬ ነው። አያ እለዋለሁ። እሱ «አንተ ልጅ» ይለኛል። ከግንባታ የተረፈ ፌሮ ለምኜ አስቆረጥኩና ከቦረቦሩ አፍ ትንሽ ራቅ አድርገን አስራ አራት ብረት መሬት ውስጥ ቀበርን። አያ በመዶሻ ይመታል፣ እኔ እይዛለሁ። አንዴ ስቶ አውራ ጣቴን አገኘኝ። ጥፍሩ እስከ ዛሬ ጠማማ ነው።

ክረምት በገባ ቁጥር ከብረቱ እስከ ቦረቦሩ አፍ በሜትር እንለካለን። ርቀቱ ባጠረ ቁጥር ማሳው ሄዷል ማለት ነው። ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ከ1992 እስከ 1997 ድረስ፣ ስድስት ክረምት።

ደብተሩ ላይ አንድ የሚገርም ነገር መጣ። እኔ ትልቁ ጉዳት ሐምሌ ላይ፣ ኃይለኛ ዝናብ በጣለ ማግስት ይሆናል ብዬ ነበር። ግድግዳው የሚናደው ግን አብዛኛውን ጊዜ ክረምቱ ከገፋ በኋላ ነው። ነሐሴ ላይ፣ አንዳንዴ ጠብ ባላለበት ቀን። ለአያ ነገርኩት። ሳቀብኝ። «ከላይ የሚሄደውንማ ማንም ያየዋል። ይሄ ከሥር ነው የሚበላው» አለና ቦረቦሩ ውስጥ ወርዶ ግድግዳውን በመዳፉ ተጫነው። በጣቶቹ መሃል ውሃ ወጣ።

በ1997 ሁለት ዕድል አንድ ላይ መጣ። አንዱ ሐረማያ ነው። አፈር ሳይንስ፣ በመደበኛ፣ ሁለት ዓመት፣ ከነቴሲሱ፣ ማለትም ከነመመረቂያ ምርምሩ። ሌላው የሥራ አመራር ነው። ቅዳሜና እሁድ ይሰጣል፣ ቴሲስ የለውም፣ መጨረሻ ላይ አነስ ያለች ፕሮጀክት ጽፎ መውጣት ነው። ያኔ የማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እንኳ ገና ተማሪ አልተቀበለም፤ ማስተማር የጀመረው በ1999 ነው። ለአፈሩ ዓባይን ተሻግሮ መሄድ ግድ ነበር። ደግሞ በዚያው ሰሞን የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊነት ለእኔ እንደታሰበ ሹክ አሉኝ። ማርቆስ ከቀረሁ ወንበር አለ፣ መኪና አለ፣ አበል አለ። ከሄድኩ የለም። «ቶሎ የሚያልቀው የቱ ነው?» ያልኩት ያኔ ነው። መልሱን እያወቅኩ።

ፕሮጀክቴ ስለ ቢፒአር ነበር፤ የመሥሪያ ቤቶችን አሠራር ከሥሩ መለወጥ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ቢፒአር የማይል ቢሮ አልነበረም። 42 ገጽ ጻፍኩ። ማንም አላነበበውም። እኔም ደግሜ አላነበብኩትም።

የ1998 ክረምት ቦረቦሩ ጋ አልሄድኩም። ሐምሌ ላይ ፈተና ነበረብኝ፣ ነሐሴ ላይ ስብሰባ። መስከረም ላይ አያ ራሱ ቢሮዬ መጣ። በሩ ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ቆመ። «እርስዎ ሥራ በዝቶብዎታል። እኔው ለካሁት» አለኝ። ከጋቢው ሥር አንድ ዱላ አወጣ። ዱላው ላይ ቁራጭ ገመዶች በተራ ታስረዋል። አስራ አራት ናቸው። አንዱ ረዘም ያለ ነው፣ አንዱ ከክንድ አያልፍም። ለእያንዳንዱ ብረት አንድ ገመድ መሆኑ ነው። ማንበብና መጻፍ አይችልም ነበር።

ተቀመጥ እንኳ አላልኩትም። ስብሰባ እየጀመረ ነበር። «እናየዋለን» ብዬ ዱላውን ተቀብዬ ከቁም ሳጥኑ ጎን አቆምኩት።

ያ «እርስዎ» የሚለው ቃል ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ። ስድስት ዓመት «አንተ ልጅ» ያለኝ ሰው ነው።

ዱላው መቼ እንደጠፋ አላውቅም። ደብተሮቹን ከዓመታት በኋላ ፈለግኋቸው። ቢሮው ሲዛወር አሮጌ ወረቀት ተብለው ተወግደዋል። ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ቀርቷል። የኋላ ገጾቹ ላይ ልጄ የማባዣ ሠንጠረዥ ጽፋበታለች።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ እንኳ ደግ ነበር። ለካ በ2000 ዓ.ም. የአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በተፋሰስ አያያዝና በሃይድሮሎጂ እዚያው ባሕር ዳር ማስተርስ ማስተማር ጀምሯል። ተማሪዎቹ ደብረ ማዊ እየሄዱ ቦረቦር ይለካሉ። የጻፉትን በኋላ አገኘሁና አነበብኩ። ቦረቦሩን የሚያሰፋው ከላይ የሚፈሰው ጎርፍ ብቻ ሳይሆን ክረምቱ ሲገፋ ከመሬት ውስጥ ከፍ የሚለው ውሃ ነው ይላል። አፈሩ ከሥር ይርሳል፣ ይከብዳል፣ ይናዳል። ተነስቼ ውጭ ወጣሁ። አያ በመዳፉ ያሳየኝ ነው እኮ! ልጆቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፣ እግዜር ይስጣቸው። እኔ ግን ስድስት ዓመት በእጄ የያዝኩትን ነገር ለወንበር ሸጬዋለሁ።

ቆይቼ ሦስተኛ ዲግሪ ልቀጥል ብዬ አመለከትኩ። «የማስተርስ ቴሲስዎ የታለ?» አሉኝ። ፕሮጀክቱን ሰጠኋቸው። ሴትየዋ አገላብጣ በትሕትና መለሰችልኝ።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችሁ። ሰው ማስተርስ ሲል አንድ ነገር ይመስለዋል። አይደለም። ቴሲስ ያለው አለ፤ ኮርሱን ጨርሳችሁ፣ አድቫይዘር የሚባል አማካሪ መምህር ይዛችሁ፣ መረጃ ሰብስባችሁ፣ ሥራችሁን ፈታኞች ፊት ዲፌንድ አድርጋችሁ የምትወጡበት። ወደ ምርምር፣ ወደ ዩኒቨርሲቲ መምህርነት፣ ወደ ፒኤችዲ የሚያስኬደው በር እሱ ነው። በኮርስና በፕሮጀክት የሚያልቅ አለ። ለሙያ ተብለው የተቀረጹ አሉ፤ ኤምቢኤ ለሥራ አመራር፣ ኤምፒኤች ለጤና፣ ኤልኤልኤም ለሕግ። እነዚህን አልንቅም። እኔን የጎዳኝ የሥራ አመራር ትምህርቱ አይደለም። በእጄ ሌላ ነገር ይዤ መግባቴ ነው።

ማስተርስ ሳይሆን ከዲግሪ በላይ የሚሰጥም አለ። የተግባር ሳይንስ ተመርቆ ሁለተኛ ደረጃ ማስተማር ለሚፈልግ የአንድ ዓመቱ የመምህርነት ዲፕሎማ አለ፣ ፒጂዲቲ የሚሉት። ሐኪሞች መንገዳቸው ለብቻ ነው። ጠቅላላ ሐኪም ስፔሻሊቲ ሲገባ ሬዚደንት ይሆናል። የውስጥ ደዌ 3 ዓመት ነው፣ ቀዶ ሕክምና 4። ከዚያም በላይ ሰብስፔሻሊቲ አለ። ባለፈው ዓመት ባሕር ዳር ጥበበ ግዮን ሆስፒታል ሰው ልጠይቅ ሄጄ አንዱ ሬዚደንት ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ቆሞ ሲያንቀላፋ አየሁ። እሱ «ቶሎ የሚያልቀው የቱ ነው?» ብሎ የገባ አይመስለኝም።

ፒኤችዲ በወረቀት 4 ዓመት ነው። በወረቀት ነው ያልኩት። አንዳንዱ ኮርስ ወስዶ ይጀምራል፣ አንዳንዱ ቀጥታ ምርምር ነው፣ አንዳንዱ ግማሹን እዚህ ግማሹን ውጭ ሆኖ ይሠራል፤ ሳንድዊች ይሉታል። ማስተርስም ሆነ ፒኤችዲ ብትመርጡ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሀገር አቀፉን የመግቢያ ፈተና ማለፍ አለ። ስለ ማመልከቻ አሞላል ምንም አልልም፤ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እኛ በወጣትነታችን አማራጭ አልነበረንም። አገር ውስጥ ማስተርስ መሰጠት የጀመረው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እሱም ለጥቂት ሰው። ባሕር ዳር ፖሊቴክኒኩና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ነው። ዛሬ ባሕር ዳር አለ፣ ማርቆስ አለ፣ እንጅባራ አለ። እናንተ የምትማሩበት አላጣችሁም። የምትጠይቁት ነው ያጣችሁት። ይቅርታ፣ የሽማግሌ ነገር ነው። ግን በየመንገዱ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ «ቴሲስ እንሠራለን» የሚል ወረቀት ከነስልክ ቁጥሩ ተለጥፎ ሳይ ደሜ ይፈላል። የሚያሠራ ባይኖር የሚለጥፍ አይኖርም ነበር። አሁንማ ስልኩም ይጽፋል አሉ። የአያን ገመድ ግን ስልክ አይቆርጠውም።

ደግሞ ልክ ላልሆንም እችላለሁ። ልጅ የሚያሳድግ፣ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ሥራውን ጥሎ ሁለት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ይቀመጥ ማለት ይቀላል፣ ለተናጋሪው። ለሚስቴ ይህንን ሳነብላት «በዚያ አበል ነው ልጆቹን ያስተማርነው፣ አትርሳ» አለችኝ። እውነቷን ነው። ቅዳሜና እሁድ ለሚማር ሰውም ቴሲስ ያለው ፕሮግራም ሞልቷል። እኔ ያኔ ብጠይቅ ኖሮ ምናልባት እሱንም አገኝ ነበር። አልጠየቅኩም።

ወደ እህቴ ልጅ ልመለስ። ቡናውን ከጠጣን በኋላ «ሥራሽ ላይ የሚከነክንሽ ነገር የለም?» አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ጀበናው ለሁለተኛ ሲጣድ ግን በራሷ ጊዜ ጀመረች። ገበሬዎቹ ብድር የሚወስዱት ክረምት መግቢያ ላይ ነው፣ ለማዳበሪያና ለዘር። የመክፈያው ቀን የሚደርሰው ልክ ጤፉ ተወቅቶ ገበያው በእህል ሲጥለቀለቅ ነው። ሁሉም በአንድ ሳምንት ይሸጣል፣ ዋጋው ይወድቃል። ቀኑ ሁለት ወር ቢገፋ ምን ይሆን ነበር ብላ ታስባለች። የሦስት ዓመት መዝገብ በእጇ አለ። ከየትኛው ገበያ በስንት እንደሸጡም ለራሷ ትይዛለች። ማን እንዳዘዛት ጠየቅኳት። «ማንም» አለች።

ዝም አልኩ። አውራ ጣቴን እያሻሸሁ ነበር መሰለኝ፣ «አመመህ እንዴ ጋሼ?» አለችኝ።

ትናንት ደወለች። ኤምቢኤ ልትመዘገብ ነው፣ ቅዳሜና እሁድ። የመመዝገቢያውን ግማሽ እኔ እንድከፍል ተስማምተናል። ቴሲስ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «ቆይ ልጠይቅና ልደውልልህ» ብላ ዘጋች። እስካሁን አልደወለችም።