ስለ ሮክስበርግ ግንብ ለጠየቃችሁኝ

በስኮትላንድ ጠፍተው ከቀሩ ግንቦች ሁሉ እንደ ሮክስበርግ የሚያሳዝነኝ የለም። ስለ እሱ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ዛሬ ልመልስ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የት ነው? ፎቶ ላይ ያየሁት ትልቁ ቤተ መንግሥት እሱ ነው?

አይደለም። ያዩት ከወንዙ ማዶ ያለውን ፍሎርስን ሳይሆን አይቀርም፤ እሱ የ1720ዎቹ ሥራ ነው። ሮክስበርግ የነበረው ኬልሶ ከተማ አጠገብ፣ የትዊድና የቲቪዮት ወንዞች ሊገናኙ ሲቃረቡ መካከላቸው ባለው ጉብታ ላይ ነው። አሁን ያለው ሣርና የግንብ ስብርባሪ ብቻ ነው። አጠገቡ የነበረችው ከተማም የለችም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከስኮትላንድ ዋና ዋና ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ዛሬ መስክ ናት።

የንጉሥ እህት ታስራበታለች ይባላል፤ እውነት ነው?

አዎ፣ ሜሪ ብሩስ። በ1306 የእንግሊዙ ኤድዋርድ 1ኛ ወንድሟን የስኮትላንዱን ንጉሥ ሮበርት ብሩስን መያዝ ሲያቅተው እሷን እንደ አውሬ በፍርግርግ ውስጥ አሰራት። ባሰብኩት ቁጥር አንጀቴ ይላወሳል።

ወታደሮች ከብት መስለው ገቡበት የሚባለውስ?

ያኔ በእንግሊዞች እጅ የነበረው ግንብ በ1314 በቅበላ ማታ በስኮትላንዶች መያዙ እርግጥ ነው። የከብቱን ነገር ያቆየልን ግን ከ60 ዓመት ገደማ በኋላ የተጻፈ ግጥም ነው። የሮበርት የጦር መሪ ጄምስ ዳግላስና ሰዎቹ ጥቁር ካባ ደርበው እየዳሁ ሲጠጉ ዘበኞቹ በሬ መሰሏቸው ይላል። በገመድ መሰላል ወጡ። በማግስቱ ጾም ሊገባ ስለሆነ ውስጥ ያሉት ድግስ ላይ ነበሩ።

ታዲያ ካስመለሱት በኋላ ማን አፈረሰው?

ራሳቸው ስኮትላንዶቹ፤ ያውም ሁለት ጊዜ። ሮበርት ብሩስ በየግንቡ የሚያስቀምጠው በቂ ወታደር አልነበረውም። ጠላት መልሶ ከያዘው ደግሞ የግንቡ ጥንካሬ ለጠላት ይሆናል። ስለዚህ አስፈረሰው። እንግሊዞቹ ግን ተመልሰው ያዙት፤ ጠገኑትና ከ100 ዓመት በላይ ቆዩበት።

በ1460 የስኮትላንዱ ንጉሥ ጄምስ 2ኛ ከበበው። መድፍ ነፍሱ ነበር። ኦገስት 3 ቀን አጠገቡ ቆሞ ሳለ ከራሱ መድፎች አንዱ ፈነዳና ገደለው። ገና 29 ዓመቱ ነበር። ባለቤቱ ንግሥት ሜሪ ሐዘኗን ይዛ ከበባው እንዲቀጥል አደረገች። ግንቡ በቀናት ውስጥ ተያዘ። ሕፃኑ ልጇ እዚያው ቅርብ፣ ኬልሶ ገዳም ውስጥ ዘውድ ጫነ። ግንቡንም እንደገና አፈረሱት።