ሞላሊቲና የሙሙት ስሌት፦ ጥያቄና መልስ

የተከበራችሁ አባላት፣ ስለ ሙሙት (አንድ ነገር በሌላው ሟምቶ የሚገኝ ድብልቅ) ጥንካሬ ስሌት ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ዛሬ ማምሻውን የምችለውን ያህል እመልሳለሁ። ሞል (የቅንጣቶች ብዛት መለኪያ)፣ ሟሚ (የሚሟማው) እና አሟሚ (የሚያሟማው) ምን እንደሆኑ ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምነሳው። ማሳሰቢያዬ አንድ ነው፤ እያንዳንዱን ቁጥር ከነመለኪያው ጻፉ።

ጥያቄ (የ11ኛ ክፍል ተማሪ)፦ መምህር፣ 1 ሞላልና 1 ሞላር የጨው ሙሙት ስናዘጋጅ ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ልዩነቱ አካፋዩ ላይ ነው። ሞላሊቲ የሟሚውን ሞል ለአሟሚው ኪሎግራም ሲያካፍል፣ ሞላሪቲ ግን ለጠቅላላው ሙሙት ሊትር ያካፍላል። 58.44 ግራም (1 ሞል) ጨው በ1 ኪሎግራም ውሃ ብታሟሚ 1 ሞላል ታገኛለሽ፤ ለዚህ ሚዛን ብቻ ይበቃሻል። ያንኑ ጨው ቮሉሜትሪክ ፍላስክ (ይዘቱ በምልክት የታወቀ ጠርሙስ) ውስጥ በጥቂት ውሃ ካሟማሽ በኋላ እስከ 1 ሊትር ምልክቱ ብትሞዪው ደግሞ 1 ሞላር ይሆናል፤ የሚገባው ውሃ ግን ወደ 980 ግራም ብቻ ስለሆነ ሞላሊቲው 1.02 ገደማ ነው። ፍላስኩ ላይ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ተብሎ የተጻፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ሙሙቱ ሲሞቅ ይዘቱ ይሰፋል፣ ሞላሪቲውም ይቀንሳል፤ መጠነ ቁስ ግን ሙቀት ስለማይለውጠው ሞላሊቲው ባለበት ይቆያል።

ጥያቄ፦ ሞላሪቲን ወደ ሞላሊቲ የሚቀይር አንድ ቀመር ቢሰጡን?

መልስ፦ የሙሙቱ እፍጋት (የአንድ ሚሊሊትሩ ክብደት በግራም) ካልተሰጠ አይቀየርም። እፍጋቱ ካለ ቀመር መሸምደድ አያስፈልግም። የላቦራቶሪውን ሰልፈሪክ አሲድ እንውሰድ፤ 98 በመቶ፣ እፍጋቱ በሚሊሊትር 1.84 ግራም። ከሙሙቱ 100 ግራም ብንይዝ 98 ግራሙ አሲድ ነው፤ ይህም 1 ሞል ያህል ነው። ቀሪው ውሃ 2 ግራም፣ ማለትም 0.002 ኪሎግራም ስለሆነ ሞላሊቲው ወደ 500 ይደርሳል። የ100 ግራሙ ይዘት ደግሞ 54.3 ሚሊሊትር በመሆኑ ሞላሪቲው 18.4 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ይቀራረባሉ የሚባለው ቀጭን ለሆነ የውሃ ሙሙት ብቻ እንደሆነ ከዚህ ተመልከቱ። ስታቀጥኑም አሲዱን ወደ ውሃው እንጂ ውሃውን ወደ አሲዱ አታፍስሱ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ግማሽ ሞላል የጨው ሙሙት በስሌት 100.5 ዲግሪ ላይ መፍላት ሲገባው፣ እኛ ጋ 93 ሳይሞላ ፈላ። ቴርሞሜትራችን ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም፤ ይህ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ ንጹሕ ውሃም 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ቀመሩ የሚነግረን የፍሌት ነጥቡን ሳይሆን ጭማሪውን ነው። የጨው 1 ሞል 2 ሞል አዮኖች (ኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ቅንጣቶች) ስለሚሰጥ፣ 0.512 ደግሞ ውሃ ለ1 ሞላል ቅንጣቶች የሚያሳየው የፍሌት ነጥብ ጭማሪ ስለሆነ፣ 2 × 0.5 × 0.512 ወደ 0.51 ዲግሪ ይመጣል። 0.512 በ100 ዲግሪ ለሚፈላ ውሃ የተሰላ ስለሆነ በእኛ ከፍታ ትንሽ ይቀንሳል፤ አዮኖቹም እርስ በርስ ስለሚሳሳቡ 2 የሚለው ቁጥር በተግባር በመጠኑ ያንሳል። መጀመሪያ ንጹሕ ውሃ አፍሉና ለኩ፣ ከዚያ በዚያው ቴርሞሜትር ሙሙቱን ለኩ፣ ልዩነቱን ውሰዱ።

አባል 1፦ ምስር ላይ ጨው ሲጨመር ቶሎ የሚበስለው ለዚህ ነዋ!

አባል 2፦ ወንድሜ፣ እኛ ቤት ጨው ቀድሞ ከገባ ምስሩ ጭራሽ አይበስልም ይባላል።

አባል 1፦ የፍሌት ነጥቡ ከፍ ካለ እኮ ሙቀቱ ይጨምራል።

መልስ፦ ስሌቱን ሳትሠሩ አትከራከሩ። በ1 ኪሎግራም ውሃ 10 ግራም ጨው 0.17 ሞላል ነው፤ ጭማሪው 0.18 ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ከፍታው የቀነሰው ግን 8 ዲግሪ ያህል ነው። ወደ ጉዳያችን እንመለስ።

ጥያቄ፦ ሞላሊቲ አልገባኝም፣ ቢያብራሩልኝ።

መልስ፦ የትኛው እርምጃ ላይ እንደቆምክ ጻፍልኝ።

ጥያቄ (የላቦራቶሪ ቴክኒሻን)፦ ከሰማያዊው ኮፐር ሰልፌት 0.1 ሞላል ለማዘጋጀት 24.97 ግራም በ1 ኪሎግራም ውሃ ማሟሟት ትክክል ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ብዙ ባለሙያዎችም የሚዘነጉት ይህንን ነው። ሰማያዊው ክሪስታል በእያንዳንዱ ሞል 5 ሞል ውሃ አዝሏል። በ24.97 ግራሙ ውስጥ ያለው 9 ግራም ውሃ ሲሟሟ ከአሟሚው ጋር ይቀላቀላል፣ ስለዚህ የሚጨምሩት ውሃ 991 ግራም መሆን አለበት። በሞላሪቲ ቢሆን ፍላስኩን እስከ ምልክቱ ስለሚሞሉት ይህ ሐሳብ አይሆንብዎትም ነበር።

ጥያቄ፦ ኖርማሊቲስ?

መልስ፦ እሱም ሌላ የሙሙት ጥንካሬ መለኪያ ነው፤ የሚካሄደው ኬሚካዊ ለውጥ ካልተነገረ ግን አይሰላም። ሌላ ቀን።

ጥያቄ፦ ሞላሪቲን ወደ ሞላሊቲ እንዴት እቀይራለሁ?

መልስ፦ ከላይ መልሻለሁ፣ እባካችሁ አንብቡ። እፍጋት ከሌለ አይቀየርም።

ጥያቄ፦ 25 ግራም ጨው በ500 ውሃ፣ ሞላሊቲው ስንት ነው?

መልስ፦ 500 ምን? መለኪያውን ጻፉ ያልኩት ለዚህ ነው። ግራም ከሆነ፣ 25 ለ58.44 ሲካፈል 0.428 ሞል ነው፤ ለ0.5 ኪሎግራም ሲካፈል 0.856 ሞላል ይሆናል።