ኢሴንሻል ኦይል ስንት ጠብታ? ለሕፃን፣ ለፊት፣ ለፀጉር

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላዩት በአጭሩ ልድገመው። የምትኖሪው ደብረ ብርሃን ነው። ሦስት ትንንሽ ጠርሙስ ኢሴንሻል ኦይል፣ ማለትም ከተክል የወጣ ሽታው የጠነከረ ዘይት ገዝተሻል፤ የባሕር ዛፍ፣ የቲ ትሪ (የአውስትራሊያ ዛፍ ነው) እና የሎሚ። የባሕር ዛፉን ጉንፋን ለያዘው የ8 ወር ልጅሽ ደረት፣ ቲ ትሪውን ለብጉርሽ፣ ሎሚውን ለማድያትሽ አስበሻል። ሻጩ «ንጹሕ ስለሆነ እንዲሁ ተቀቢው» ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ልብሽ አላመነምና ስንት ጠብታ እንደሆነ ጠየቅሽ። ደግ አደረግሽ። እኔም እዚሁ ከተማ የፀጉር ቅባትና ሳሙና እየሠራሁ ነው የምተዳደረው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

ከልጁ ልጀምር፤ ሌላው ይደርሳል። ለልጁ መልሱ ዜሮ ጠብታ ነው። አቅጥነሽውም አይሆንም። ደረቱም ላይ፣ ጀርባውም ላይ፣ ትራሱም ላይ አይሆንም። የባሕር ዛፍ ዘይት አብዛኛው ሲኒዮል የሚባል ነገር ነው። የትልቅ ሰው አፍንጫ ሲከፍት ደስ ይላል፤ ሕፃን ላይ ግን ትንፋሽ ሊያዳክም ይችላል። ሜንቶልና ካምፎርም ያው ናቸው። እነሱ ያሉበት፣ ለጉንፋን ደረት ላይ የሚቀባው ቪክስ እንኳ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ እንዳይደረግ ማሸጊያው ላይ ተጽፎበታል። እሱ ደግሞ በቅባት የቀጠነ ነው።

ታዲያ ምን ላድርገው ትይኛለሽ። ጡቱን ቶሎ ቶሎ ስጪው። አፍንጫው ከታፈነ ፋርማሲ የጨው ውሃ ጠብታ አለ። ከዚያ ትንፋሹን ቁጠሪ። ሳያለቅስና ሳይጠባ፣ ልብሱን ገለጥ አድርገሽ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል እያየሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ። በእሱ ዕድሜ በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ፣ ወይም አየር ሲስብ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ሌላ ነገር አትሞክሪ። አዝለሽው ጤና ጣቢያ ሂጂ።

«እኛስ በባሕር ዛፍ እየታጠንን አይደል ያደግነው?» ብለሻል። እውነትሽን ነው፤ ምኒልክ ዛፉን ካስመጡት ወዲህ እሱን ያልታጠነ የሸዋ ሰው ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል። ግን የታጠንነው ቅጠሉን ነው። ከ100 ኪሎ እርጥብ ቅጠል የሚወጣው ዘይት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ገደማ ነው። እጅሽ ላይ ያለችው የ10 ሚሊ ጠርሙስ ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ ቅጠል ውስጥ የነበረውን ዘይት ይዛለች ማለት ነው። እናቶቻችን አንድ እፍኝ ቅጠል ድስት ውስጥ ጨምረው ነው ያጠኑን፤ ያውም አብዛኛው በእንፋሎት በኖ ጣራ ላይ ይቀራል። ስለዚህ «ድሮም ነበረ» የሚለው ነገር ለዚህች ጠርሙስ አይሠራም።

ጠርሙሷን ልጁ ከማይደርስበት አስቀምጫት። ትንሽ ልጅ ጥቂት ሚሊ ሊትር ከዋጠ ሊያንቀጠቅጠውና ራሱን ሊያስተው ይችላል። ያ ከሆነ እንዲያስመልሰው አታስገድጂው፤ ሲያስመልስ ዘይቱ ሳንባው ውስጥ ይገባል። ጠርሙሷን ይዘሽ ወደ ሆስፒታል ነው።

አሁን ወደ አንቺ እንምጣ።

ጠብታ ብቻውን ምንም አይናገርም። «ሦስት ጠብታ» ያለሽ ሰው በስንት ማቅጠኛ ዘይት (እንደ ሱፍ ወይም ሰሊጥ ባለ) ውስጥ እንደሆነ ካልነገረሽ ምንም አልነገረሽም። መያዝ ያለብሽ ከመቶ ስንት የሚለውን ነው። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ ገደማ ይሆናል። አንድ የሻይ ማንኪያ 5 ሚሊ ነው፤ 100 ጠብታ። ስለዚህ በአንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ውስጥ አንድ ጠብታ ከጨመርሽ 1 ከመቶ ሆነልሽ። ይህቺን ካወቅሽ ሌላው ሁሉ ከዚያው ይወጣል። ለፊት ከግማሽ እስከ 1 ከመቶ ይበቃል። ለሰውነት 2 ከመቶ፣ ማለትም በማንኪያ ሁለት ጠብታ። ነፍሰ ጡር፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ወይም ቶሎ የሚቆጣ ቆዳ ያለው ሰው ከ1 ከመቶ በላይ ባይሄድ ጥሩ ነው። በ30 ሚሊ ጠርሙስ መሥራት ከፈለግሽ ደግሞ 1 ከመቶ ማለት 6 ጠብታ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አለ። ጠብታ እንደ ጠርሙሱ አፍ ይለያያል። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም ያንጠባጥባል። እኔ ለሽያጭ ስሠራ ጠብታ አልቆጥርም። ከፋርማሲ መርፌ የሌለውን የ1 ሚሊ ሲሪንጅ እገዛለሁ። 0.3 የሚለው መስመር ላይ ስታደርሺው በ30 ሚሊ ውስጥ 1 ከመቶ ነው፤ አለቀ። ሲሪንጁን ብዙ ጊዜ አትጠቀሚበት። ዘይቱ የውስጡን ጎማ ያሳብጠዋልና ከጥቂት ቀን በኋላ መግፋት ያቅትሻል።

ሻጩ «ንጹሕ ስለሆነ» ያለው ነገር ያናድደኛል። የሚቀጥነውኮ ንጹሕ ስለሆነ ነው! አንዲት ደንበኛዬ ቲ ትሪን ሳታቀጥን አገጯ ላይ ለሳምንታት ስትቀባ ቆይታ መጣች። መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ተላጠ፣ ከዚያ አሳከካት። ተወችው፤ ዳነላት። የገረማት ግን ከዓመት በኋላ ቲ ትሪ ያለበት ሻምፖ ስትጠቀም አንገቷ ሙሉ ሽፍ ማለቱ ነው። ቆዳ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከተቀየመ ቂሙን አይረሳም። ያኔ ትንሹም ይበዛበታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ዕድሜ ልክ ነው።

ቲ ትሪ ለብጉር ጭራሽ አይረባም ማለቴ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 አውስትራሊያ ውስጥ 5 ከመቶ የቲ ትሪ ጄል ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ከሚባለው የብጉር መድኃኒት ጋር ተወዳድሮ፣ ቀስ ብሎ ቢሆንም ብጉሩን ቀንሷል፤ ቆዳንም ያስቆጣው ያነሰ ነው። ልብ በይ፣ 5 ከመቶ ነው እንጂ 100 አይደለም። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው 1 ከመቶ ጥሩ መነሻ ነው። እሱንም ብጉሩ ላይ ብቻ በጥጥ ነካ ነካ አድርጊው እንጂ ፊትሽን ሙሉ አትቀቢው። ከዚያ በፊት የቀጠነውን ክርንሽ መታጠፊያ ላይ ቀብተሽ አንድ ሁለት ቀን ጠብቂ። ካላሳከከሽ፣ ካልቀላ፣ ቀጥዪ።

በውሃ ላቅጥነው የምትል ሌላ እህት አስተያየት ላይ አይቻለሁ። አይቀጥንም። ዘይት ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ገላሽን ስትታጠቢ ያው ያልቀጠነ ዘይት ሆኖ ቆዳሽ ላይ ይለጠፋል። በዚሁ ምክንያት ቆዳሽን ካቃጠለሽ ውሃ ብቻ አያስለቅቀውም። መጀመሪያ በምግብ ዘይት ጥረጊው፣ ከዚያ በሳሙና ታጠቢ። ዓይን ውስጥ ከገባ ግን በንጹሕ ውሃ ነው፤ 15 ደቂቃ እያፈሰስሽ፣ ከዚያ ወደ ጤና ጣቢያ።

በምን ላቅጥነው? ፌስቡኩ ሁሉ ኮኮናት ይላል። የኮኮናት ዘይት ከ24 ዲግሪ በታች ይረጋል። በዚህ ብርድ ልብስ በሚሠራበት፣ ብርድ ልብስም በማይበቃበት ከተማ ዓመቱን ሙሉ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ሻማ ደርቆ ነው የሚያድረው። የጣርማበርን ዋሻ አልፈሽ ሸዋ ሮቢት ብትወርጂ ያው ጠርሙስ ውሃ ይሆንልሻል። የረጋ ዘይት ላይ ጠብታ ብትጨምሪ አይዳረስም፤ አንድ ቦታ ላይ ይከማቻል። በዚያ ላይ ብጉር ላለበት ፊት ኮኮናት ቀዳዳ ይደፍናል። ለፊትሽ የሱፍ ዘይት ይሻልሻል፤ ቀላል ነው፣ ገበያ ላይም አለ። ለሰውነትና ለፀጉር ሰሊጥ እወዳለሁ። ኑግ ጥሩ ዘይት ነው፤ ሽታው ግን ሁሉን ይውጠዋል፣ ትራስም ያቆሽሻል። ተልባ ቶሎ ይበላሻል፤ ለራሴ አልጠቀመውም። ጆጆባ የሚባለውን የፍሬ ዘይት ካገኘሽና ኪስሽ ከቻለ የሚጠላ አይደለም።

የሎሚው ጉዳይ ከልጁ ቀጥሎ ያስፈራኝ ነው። ከልጣጩ ተጨምቆ የወጣ የሎሚ ዘይት ፀሐይ ሲያገኘው ቆዳን ያቃጥላል፤ ሲድን ደግሞ ጥቁር ምልክት ትቶ ነው። ማድያት ለማጥፋት ብለሽ ማድያት ላይ ማድያት ትጨምሪያለሽ። የሎሚ ጭማቂ ፊታቸው ላይ የሚቀቡም ያው ናቸው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በየሺህ ሜትሩ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር 10 ከመቶ ገደማ ይጨምራል። ነፋሱ ስለሚቀዘቅዝ ፀሐዩን አናምነውም እንጂ፣ ጥር ላይ አንድ ቀን አውድማ የዋለ ሰው ጉንጩን እይው። ሎሚውን ለፊትሽ አታድርጊው። ሰውነትሽ ላይ ካደረግሽም ማታ ይሁን፤ ከ2 ከመቶም አይለፍ። ያ ቦታ ቢያንስ ለ12 ሰዓት፣ ብትችዪ ለ18 ሰዓት ፀሐይ አይንካው። ለማድያቱ የፀሐይ መከላከያ ክሬምና ባርኔጣ ከየትኛውም ጠርሙስ ይበልጣሉ። ጤና አዳምም እንደዚሁ ነው። ቅጠሉን ለቡና እናደርገዋለን፤ ጭማቂው ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲመታው ግን ቆዳው ውሃ ይቋጥራል። የጤና አዳም ዘይት ደግሞ ነፍሰ ጡር ሴት አጠገብ መድረስ የለበትም።

አንድ ወንድም ከታች «የመንዝ ጦስኝ እያለ የፈረንጅ ዘይት ምን ይሠራል?» ብሏል። ግማሹ ልክ ነው። የጓሳ ጦስኝ ሽታው ብቻ ሰው ያድናል፤ ሻዩን እኔም እጠጣለሁ። ተነጥሮ የወጣው ዘይቱ ግን ታይሞልና ካርቫክሮል የበዛበት ነው። እነዚህ ቆዳ ላይ ይለበልባሉ፤ ከ1 ከመቶ በላይ ማድረግ አይገባም። ፊት ላይ ጭራሽ አላደርገውም። ሻይ ውስጥ ጠብ አድርጎ መጠጣትም ይቅር፤ ሻይ ካማረሽ ቅጠሉ አለልሽ። በእኔ ምርጫ ጦስኝን መዘፍዘፍ ይሻላል። በደንብ የደረቀውን ቅጠል ብልቃጥ ውስጥ አድርገሽ የሰሊጥ ዘይት ታፈሺበትና ሁለት ሦስት ሳምንት አቆይተሽ ታጠዪዋለሽ። ይህ ለስላሳ ነው፤ ጠብታም አያስቆጥርም። ቅጠሉ እርጥበት ካለው ግን ይሻግታል። ስለዚህ በጣትሽ ስትፈረፍሪው እንደ ደረቀ ድርቆሽ መንኮት አለበት።

ለፀጉር የጠየቃችሁ አላችሁ። የሥጋ መጥበሻ ቅጠል ዘይት፣ ያው ሮዝመሪ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በ100 ሰዎች ላይ ለ6 ወር ተሞክሮ ሚኖክሲዲል ከሚባለው የፀጉር ማሳደጊያ መድኃኒት (2 ከመቶ) ጋር ተቀራራቢ ውጤት አሳይቷል። አንድ ጥናት ነው፤ ተአምር አትጠብቁ። በ100 ሚሊ የሰሊጥ ዘይት 20 ጠብታ፣ 1 ከመቶ ይበቃል። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ግን ሮዝመሪንም ባሕር ዛፍንም ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይንካ።

ከሰል ላይ ጠብ የምታደርጉ ደግሞ እባካችሁ ተዉ። ዘይቱ እሳት ይይዛል፤ የባሕር ዛፍ እንፋሎት 50 ዲግሪ ገደማ ላይ እሳት ካገኘ ቦግ ይላል። ብርዱን ፈርታችሁ በርና መስኮት ዘግታችሁ ከሰል ማቀጣጠላችሁ ራሱ ይገድላል። ሽታው ከተፈለገ ሙቅ ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ሁለት ጠብታ፣ መስኮቱ ትንሽ ተከፍቶ፣ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው በሌለበት። ድመት ካላችሁም ቲ ትሪውን አርቁላት፤ ይመርዛታል።

አቀማመጥ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። ጥቁር ወይም ቡናማ ጠርሙስ፣ ክዳኑ ጥብቅ፣ ከመስኮት የራቀ። የከፈትሽበትን ቀን ፕላስተር ላይ ጽፈሽ ለጥፊበት። ቲ ትሪና ሎሚ አየር ሲያገኙ ይለወጣሉ፤ ያረጀ ዘይት ከአዲሱ ይልቅ ቆዳ ያስቆጣል። ዓመት ካለፈው ለቆዳ አታድርጊው።

የገዛሽው እውነተኛ ስለመሆኑም እርግጠኛ አይደለሁም። በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ጠብታ አድርጊና እስከ ነገ አቆዪው። እንደ ቅባት የሚያበራ ክብ ከቀረ በምግብ ዘይት ተበርዟል ማለት ነው። ምንም ካልቀረም ገና አላለፈም፤ በፋብሪካ የተሠራ ሽቶም በኖ ይጠፋልና። ጠርሙሱ ላይ የተክሉ የላቲን ስም፣ የምርት ቁጥርና ቀን መኖር አለበት። «ፍራግራንስ» የሚል ካየሽበት ሽቶ ነው፤ ለቆዳ አይደለም። የሦስቱንም ጠርሙስ ጀርባ ፎቶ አንሥተሽ እዚሁ ለጥፊልኝና አይቼ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ባሕር ዛፉን አትክፈቺው።