ይቅር ያለ ሰው በፍርድ ቤት ሊመሰክር ይገባዋልን?

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለች የሰሜን ሸዋ ከተማ የምኖር እናት ነኝ። ሁከት በተነሣ ጊዜ የእኔንና የጎረቤቴን ሱቅ በር ናፍጣ አርከፍክፎ ያቃጠለውን ወጣት በዓይኔ አይቻለሁ፤ የሰፈራችን ልጅ ነው። በዋዜማው ደግሞ አንድ የተከበረ ሰው በገበያ መካከል ቆሞ «እስከ መቼ ታስታምሟቸዋላችሁ» እያለ ሲቀሰቅስ ሰምቻለሁ። ፖሊስ ለምስክርነት ጠርቶኛል። ሽማግሌዎች ግን መስቀል የያዙ ካህን አስከትለው መጥተው «ስለ መስቀሉ ብለሽ ተዪው» አሉኝ። ልጁም ሆነ ሰውየው እስካሁን ደጄን አልረገጡም። ብመሰክር ይቅርታን መካድ ይሆንብኛል? ጉዳዩ ሳያልቅስ ሥጋ ወደሙ መቀበል እችላለሁ?

መልስ፦ እናታችን፣ ሽማግሌዎቹ ለዕርቅ መድከማቸው አይነቀፍም፤ በሀገራችን በሽምግልና ብዙ ደም ደርቋል። ይሁን እንጂ ዕርቅ የሚጀመረው በዳይ በደሉን አምኖ ሲቀርብ ነው። በዳዮቹ ደጅዎን ሳይረግጡ እርስዎን ብቻ በመስቀል ማስማል ምስክርን ዝም ማሰኘት ስለሆነ፣ ዕርቅ ብዬ ልጠራው ይከብደኛል።

የራስዎን ሱቅ የነካውን በደል ይቅር ማለት ይችላሉ፤ አባታችን ሆይ ባልን ቁጥር የምንገባው ቃል ነውና። የጎረቤትዎን በደል ግን ይቅር የማለት መብቱ የጎረቤትዎ ነው። ምስክርነት ደግሞ ራሱን የቻለ ግዴታ ነው፤ በዘሌዋውያን 5፥1 እንደተጻፈው ያየውን ወይም የሚያውቀውን እንዲናገር ተጠርቶ ዝም ያለ ሰው ኃጢአቱን ይሸከማል። ስለዚህ በልብዎ ቂም ሳይይዙ፣ ዳኛ ፊት ቆመው «ናፍጣውን ያፈሰሰው እርሱ ነው» ማለት ይችላሉ።

ስለ ቀስቃሹ «እርሱ እኮ ክብሪት አልጫረም» የሚል ሰው አይጠፋም። ኤልዛቤልም ድንጋይ አልወረወረችም። በባሏ በንጉሥ አክዓብ ስም ደብዳቤ ጽፋ በማኅተሙ አተመች፤ የከተማው ሽማግሌዎች ጾም አወጁ፣ ሁለት ምናምንቴ ሰዎች በሐሰት መሰከሩ፣ የወይን ቦታውን ለንጉሡ አልሰጥም ያለው ናቡቴም ከከተማ ወጥቶ ተወገረ (1ኛ ነገ. 21)። አክዓብ የወይኑን ቦታ ሊወርስ ከመውረድ በቀር በግድያው ቦታ አልነበረም፤ ነቢዩ ኤልያስ ግን እዚያው የወይን ቦታ ውስጥ አግኝቶ የናቡቴን ደም ከእጁ ፈለገ፤ የኤልዛቤልም ፍርድ አብሮ ተነገረ። ያ ሁሉ የተፈጸመው ጾም ታውጆ መሆኑን ልብ ይሏል። ቅስቀሳ ከዐውደ ምሕረት ቢሰማ፣ የካህን ቀሚስ የለበሰ ሰው ቢናገረው፣ ተጠያቂነቱ ይብስ ይከብዳል፤ ይህን ስጽፍ እኛን መምህራኑን ጨምሬ ነው። የሀገራችንም ሕግ ከዚህ አይርቅም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 36 ሌላውን ለወንጀል ያነሣሣውን ሰው ይጠይቃል፤ የጥላቻ ንግግርን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012ም በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት ይደነግጋል።

በአንጻሩ ወጣቱ «ሰው ሁሉ ሲያደርግ ነው ያደረግሁት» ቢል አያድነውም፤ ክፉ ለማድረግ ብዙ ሰዎችን መከተል በዘጸአት 23፥2 ተከልክሏል። በኤፌሶን ብር ሠሪው ዴሜጥሮስ ጥቅሙ እንዳይቀርበት ሕዝቡን ባነሣሣ ጊዜ፣ ከጮኹት የሚበዙት ለምን እንደተሰበሰቡ እንኳ አያውቁም ነበር (ሐዋ. 19፥32)። የከተማው ጸሐፊም ክስ ያለው ወደ ችሎት ይሂድ ብሎ በተናቸው።

የእርስዎ ቃል ሌላም ጥቅም አለው። አውጫጭኝ በሚባለው የቀድሞ ወንጀለኛን የማውጣት ሥርዓት የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይጠየቅ ነበር፤ በዳዩ ካልወጣ ዕዳው በሁሉም ላይ ይወድቅ ነበር። ዛሬም አጥፊው በስሙ ካልተለየ የልጁ አባት፣ ወንድሙ፣ ወገኑ ሁሉ በጅምላ ይጠረጠራል፤ በዘዳግም 24፥16 ግን እያንዳንዱ በገዛ ኃጢአቱ እንዲጠየቅ ታዝዟል።

ልጁ ንስሐ ቢገባ የንስሐ አባቱ የሰማውን አያወጣም፤ ቀኖና ይሰጠዋል። ኑዛዜው ግን ካሳውን አያስቀርለትም። እሳት ሰዶ የሰው እህል ያስበላ እንዲክስ በዘጸአት 22፥6 ታዝዟል፤ ዘኬዎስም አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ስትቃጠል ብዙ ነዋሪዎቿ ደብረ ብርሃን ድረስ ተሰደው ያየ ሰው፣ የተቃጠለ ቤት ሳይካስ «ታርቀናል» ማለት ምን እንደሚመስል ያውቀዋል። ቀስቃሹም ቢጸጸት ንግግሩ በገበያ የተነገረ ነውና፣ ማስተባበያውንም በዚያው ገበያ ቆሞ ይናገር ዘንድ ይገባዋል እላለሁ።

ሥጋ ወደሙን በተመለከተ፣ ክሱ ስላላለቀ ብቻ አይከለከሉም፤ የሚከለክለው በቀል ነው። ቀጠሮው ከመድረሱ በፊት ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩ። ችሎት ሲቀርቡም ያዩትን ከሰሙት ለይተው ይናገሩ፤ ስለ ልጁ ቤተሰብ ቢጠየቁ ያላወቁትን አይጨምሩ።